ሆስፒታል ድረስ ያመጣሁልህ ዝናብ

የኔ አስፋው፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አንተ ወሬ ትጀምርበት ከነበረው ልጀምር። ዛሬ የዳሞታ ተራራ እስከ ወገቡ ደመና ለብሶ ነው ያደረው። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ግን ኃይል አልነበረውም። ረፋዱ ላይ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ ወጣች፤ የአባያ ሐይቅም ከታች ከሩቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አበራ። ይህን የምጽፍልህ ከቀትር በኋላ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው። ሣሩ ገና አልደረቀም። ልጃችን ማርታ ነጩን የቴርሞሜትር ሳጥን እየዞረች ትጫወታለች፤ እንዳትነካው ነግሬአት እሺ ብላለች።

ከተለየኸን አራተኛው ክረምት ሊያልቅ ነው። ፍልሰታ ከተፈታ ሁለተኛው ሳምንት ሆነ፤ ያረፍክበት ቀን ዛሬ ነው። በየዓመቱ ይህ ቀን ሲደርስ ልጽፍልህ አስብና ወረቀቱን አንስቼ አስቀምጠዋለሁ። ዘንድሮ ግን የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ባልነግርህ ደግሞ የደበቅሁህ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ አንተ በሌለህበት ይህ ቀን ምን ይመስል እንደነበር ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመት ከንጋት እስከ ምሽት ዘነበ። የፀሐይ መለኪያው የብርጭቆ ኳስ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያንጠባጥብ ዋለ፤ ከሥሩ ያስገባሁት ካርቶን ኳሱ በሚሰበስበው ብርሃን የተቃጠለ አንድም ምልክት ሳይኖረው ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ተቋረጠና ቀኑ እንደ ጥቅምት ጠራራ ሆነ፤ ገበሬው ቦሎቄው ሳይቋጥር ሊደርቅብኝ ነው እያለ ይጨነቅ ነበር። አምና ደግሞ ጉሙ ከመክፋቱ የተነሣ ከደጃፌ ሆኜ ሳጥኑን ማየት አልቻልኩም፤ እጄን ዘርግቼ እየዳበስኩ ነው የደረስኩት። ዛሬ ደግሞ እንዳልኩህ ነው። አንተ ብትኖር፣ «አስቴር፣ አንድ ቀን ለብቻው ምንም አይናገርም፤ ብዙ ዓመት ጎን ለጎን ሲቆም ነው የሚናገረው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ይህን ቀን ከሌሎቹ ጋር አስተካክዬ ማየት አቅቶኛል። ለኔ ብቻውን ይናገራል።

የተገናኘንበትን ጊዜ ብዙ አስባለሁ። በልጉ የቀረበት ዓመት ነበር። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። የአባቴ ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ የግብርና ጣቢያው ውስጥ የቆመው ነጭ ሳጥን ነው ዝናቡን የያዘው አሉ። ከአዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ሰው በየማለዳው ሳጥኑን ከፍቶ ያያል፤ ያን ጊዜ ነው ደመናው የሚበተነው ተባለ። አባቴ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ስለሆነ ይህን አላመነም፤ ግን ጎረቤቶቹን ብቻቸውን መላክ ፈራ። እኔን ከማስተምርበት ክፍል አስጠርቶ፣ «አማርኛ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ነይና ተናገሪልን» አለኝ።

አንተ ካኪ ልብስ ለብሰህ፣ ጫማህን ጭቃ ሳይሆን አቧራ አልብሶት ወጣህ። «ሳጥኑን ንቀልልን ይላሉ» አልኩህ። ትስቃለህ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወይ ትቆጣለህ። አልሳቅክም፤ አልተቆጣህም። የሳጥኑን በር ከፈትክና «ቀርበው ይዩት» አልክ። ከመጡት በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ አንገታቸውን አስገብተው አዩ፤ ከቴርሞሜትሮቹ በቀር ምንም የለም። «ታዲያ ዝናቡን የት አደረግኸው?» አሉ። ይህን ስተረጉምልህ ፊትህ ላይ ድካም አየሁ። «እኔም እሱኑ ነው የምጠብቀው በያቸው» አልከኝና ወደ ዝናብ መለኪያው ወስደህ ክዳኑን አነሣህላቸው። ውስጡ ሸረሪት ድሯን አድርታ ተቀምጣለች። ሰውዬው ሸረሪቷን አዩ፤ አንተን አዩ፤ ከዚያ በቋንቋችን፣ «ይሄ ልጅስ ያሳዝናል፤ ሥራ ብለው ባዶ ጣሳ ሰጡት» አሉ። «ምን አሉ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «እሺ ብለዋል» አልኩህ። እውነቱን የነገርኩህ ከተጋባን በኋላ ነው፤ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣህ። ዝናብ በወላይትኛ ምን እንደሚባል ለመጠየቅ ነው አልክ። «ኢራ» አልኩህ። ፀሐይስ? «አዋ»። ይህን አጥንተህ ለአባቴ ሰላምታ ልትሰጥ ስትመጣ አባት የሚለውን ቃል አሳጥረህ፣ አባቴን ፀሐይ ብለህ ጠራኸው። በኛ ቋንቋ የሁለቱ ልዩነት ድምፁን ማርዘምና ማሳጠር ብቻ ነው። አባቴ አላረመህም። ማታ ለእናቴ፣ «ዛሬ ፀሐይ ተባልኩ» ብሎ ሲነግራት ሰማሁት፤ ያን ጊዜ ነው አንተን ከማግባት እንደማይከለክለኝ የገባኝ።

የከለከሉት እማማ በላይነሽ ናቸው። እናትህን እንዲህ ብዬ ስጠራቸው ደስ አይላቸውም ነበር፤ ሌላም መጠሪያ አልነበረኝም። አባትህ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የተቀመጡ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ ከአንተ በቀር ልጅ የላቸውም፤ አንተንም ከአማርኛ በቀር ሳያስለምዱ ነው ያሳደጉህ። «ጾም በማይታወቅበት ቤት ልጄ አይኖርም» አሉ። አንተ ግን መጣህ። ሠርጋችን ላይ አልተገኙም። ማርታ ስትወለድ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ሕፃኗን አቅፈው እያዩ ብዙ ቆዩ፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። አንተ እስከ በሩ ሸኘሃቸው። በማግሥቱ ማለዳ ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አንብበህ ሁለቴም ረስተኸው ስትገባ አየሁህ።

ደስተኞች ነበርን ብዬ ስጽፍልህ አላፍርም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንተ ወደ መለኪያህ፣ እኔ ወደ ተማሪዎቼ። ክረምት ሲሆን ትምህርት ስለሚዘጋ አብሬህ እወጣ ነበር። ዝናቡን ከጣሳው ወደ መለኪያው ብርጭቆ ስታፈስስ አንድ ጠብታ እንዳትፈስስብህ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ፀሐይ ያልወጣችበትን ቀን ካርቶን ሳይቃጠል ስታወጣው፣ «ዛሬ ምንም አልጻፈችልንም» ትለኛለህ። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ቀን ርዝመት ነገርከኝ። በኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆኑ ትንሽ ነው የሚቀራቸው፤ በሩቅ ሰሜን ግን በበጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚታደርበት አገር አለ አልከኝ። «ታዲያ ሴቶቹ መቼ ያርፋሉ?» አልኩህ። ይህን ጥያቄ ለአለቆችህ ሳይቀር ነግረሃቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ከዚያ የዲምቱ ጉዞ መጣ። በቆላው ላይ አንድ ዝናብ መለኪያ እንድትተክል ታዘዝክ። ሐምሌ እያለቀ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። እስከሚሄድበት በካሚዮን፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ሄድክ። ስትመለስ ደስ ብሎህ ነበር። የዲምቱ ሰዎች መለኪያውን አልፈሩትም፤ እንዲያውም አጥር አጠሩለት አልከኝ። ወንዙ ዳር ስላለው ትንኝ ግን አልነገርከኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበህ መንቀጥቀጥ ጀመርክ።

ሆስፒታሉ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ አድርጓል፤ ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ አጠገብህ እየተመላለሰ ሰነበተ። መጨረሻ ላይ ወባው ወደ ጭንቅላትህ እንደወጣ ነገረን። ቀን ከቀን ራስህን የማትመስል ሆንክ፤ የማላውቃቸውን ሰዎች ትጣራለህ፤ እኔን አታውቀኝም። እማማ ባንዱ ጎንህ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። ሳንነጋገር። ማርታ እናቴ ዘንድ ነበረች።

በዚያ ቀን ማለዳ ነቃህ። ዓይንህ ጠርቶ ነበር። መስኮቱን አየህ፤ ዝናቡ ገና አባርቶ ጣሪያው ያንጠባጥባል። «አስቴር፣ ማን ለካው?» አልከኝ። ያን ማለዳ ማንም አልለካውም ነበር። «እኔ እለካዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። እማማ በላይነሽ ያን ጊዜ ነው በስንት ጊዜ ቀና ብለው ያዩኝ። «ልጄ እንዲህ ሆኖ አንቺ ዝናብ ልትለኪ ትሄጃለሽ? ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ!» አሉኝ። አንተ እጅህን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣህና፣ «እማዬ ተዪያት። እኔ ነኝ የላክኋት» አልካቸው።

ከሆስፒታሉ እስከ ጣቢያው ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ጣሳው ውስጥ የነበረውን ውሃ አንተ እንደምታደርገው ትንፋሼን ይዤ ወደ ብርጭቆው ገለበጥኩ። አነበብኩት፤ የፀሐይ መለኪያውንም ካርቶን ቀየርኩ። ከዚያ፣ ቁጥሩን ብነግረው አያምነኝም፣ ራሱ ይይ ብዬ ብርጭቆውን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ፣ በሁለት እጄ ይዤ በመንገዱ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ጸበል የያዝኩ መስሏቸው ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉ አሮጊት እንኳ ነበሩ።

አጠገብህ ተንበርክኬ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁልህ። «አሥራ ስምንት ሚሊሜትር» አልኩህ። አንተ ብዙ አየኸው። የውሃው ፊት ከዳር ከፍ፣ ከመሃል ዝቅ ይላል፤ ይህን ስንት ጊዜ ነግረኸኝ ነበር። «ከታችኛው ነው የሚነበበው» አልከኝ በቀስታ፤ «አሥራ ሰባት ነው»። ከዚያ ፈገግ አልክ። በጣትህ ምልክት አድርገህ ለእናትህም እንዳሳያቸው ነገርከኝ። አሳየኋቸው። እማማ ውሃውን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የተናገርከው ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተሰነጠቀና ለብዙ ቀን ያላየናት ፀሐይ ወጣች፤ በመስኮቱ ገብታ እግርህ ላይ አረፈች፤ ቀስ እያለች ወደ ደረትህ መጣች። ፊትህ ሳትደርስ ትንፋሽህ ቆመ። በማግሥቱ ካርቶኑን ሳወጣው በጫፉ በኩል አጭር የተቃጠለ መስመር ነበረበት። እንደ ደንቡ ወደ አዲስ አበባ ልኬዋለሁ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አንተ ግን አትወድደውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው የተቀበርከው። የኛ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ዘመሩ፤ ካህናቱ ከውስጥ ፍትሐት አደረሱ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። መግባትም መውጣትም አቅቶኝ በሩ ላይ።

ከአርባህ በኋላ እማማ መጡ። እንዳይከፋህ፤ የሆነውን ሁሉ ልነግርህ ነው የተነሣሁት። «የልጄን ልጅ ስጪኝ» አሉኝ። «አንቺ ወጣት ነሽ፤ ነገ ታገቢያለሽ። እኔ ግን ሌላ የለኝም።» «እኔስ ማን አለኝ እማማ?» አልኳቸው። ከፍ ባለ ድምፅ ተነጋገርን። ማርታ ፈርታ አለቀሰች። እሳቸው ሲወጡ፣ «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብለው ወጡ፤ እኔም በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ገበያ መሃል ብንገናኝ እንኳ መንገድ እንቀያየር ጀመር።

ከአዲስ አበባ የመጣው ኃላፊ ደህና ሰው ነበር። ሰው እስክልክ ድረስ አንቺ ቀጥዪ፤ ቤቱንም አትልቀቂ አለኝ። ሰው ሳይልክ ዓመት አለፈ። እኔም ወደ ማስተማሩ ሳልመለስ፣ በየማለዳው እየወጣሁ ቀረሁ። ብዙ ቀን እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት፤ ግን በትክክል አንብቤዋለሁ።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ እማማ ተዝካር አወጡ። አባቴ፣ «በኛ ዘንድ ለሙት አይደገስም፤ አትሂጂ» አለኝ። አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም፤ ያን ቀን እምቢ አልኩት። ማንም ሳይጠራኝ ገብቼ እንስራ አነሣሁና ውሃ ቀዳሁ፤ ዕቃ አጠብኩ። እማማ አዩኝ። ውጪ አላሉኝም። ሊመሽ ሲል ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በእጄ አስያዙኝ። «ለልጅቷ» አሉኝ። እሱ ብቻ ነው። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ጨርቁን ደረቴ ላይ አድርጌ ሄድኩ።

ከዚያ ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በትራቸውን ተደግፈው፣ ጭቃው ቀሚሳቸውን ይዞት። «ልጄ በየቀኑ የሚያየውን አሳዪኝ» አሉኝ። ሳጥኑን ከፈትኩላቸው። ቴርሞሜትሩን፣ የብርጭቆውን ኳስ፣ ጣሳውን አሳየኋቸው። ውሃውን ወደ መለኪያው ብርጭቆ ገልብጬ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ሰማይ አነሡት። ብዙ አዩት። «ያን ቀን ይኼንን ነው ያመጣሽለት?» አሉኝ። «አዎ እማማ።» «እኔ እኮ ደስ ብሎት የሞተ አልመሰለኝም ነበር» አሉና እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የአንተ ልቅሶ ያን ቀን ነው ያለቀልን መሰለኝ፤ ወይ ያን ቀን ነው የጀመረው።

አሁን ማለዳ ማለዳ ይመጣሉ። እኔ ሳነብ ማርታን ይጠብቁልኛል፤ ፀጉሯን ይሠሩላታል፤ ስለ ልጅነትህ ይነግሯታል። ከድስቴ አሁንም አይበሉም። ግን ዓርብና ረቡዕ የራሳቸውን ሳህን በመሶብ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ የቀቀልኩትን የቦይና ሥር ራሳቸው ልጠው፣ በራሳቸው ሳህን፣ የቃሪያ ዳታ እያስነኩ ይበላሉ። ዳታው እኔ የፈጨሁት ነው። ይህን እያየሁ እንዳላየሁ እሆናለሁ። አንተ ብትኖር በዓይንህ ትጠቅሰኝ ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ኃላፊው የተናገረው ሰው ተገኝቷል። በመስከረም ይመጣል፤ ሚስትና ልጆች አሉት አሉ፤ ቤቱም የሱ ነው። ሳጥኑን ለሌላ ሰው ማስረከብ አንተን ሁለተኛ ጊዜ ከቤት ማውጣት መሰለኝ። እንባዬን ሳልጠርግ እማማ ደረሱብኝ። ነገርኳቸው። «ጓዳው ባዶ ነው፤ አስፋው ያደገበት ክፍል» አሉኝ። «ግድግዳውን አስመርጌዋለሁ። ምድጃችን ለየብቻ ይሁን እንጂ ግቢው አንድ ነው። ነይ።» ከመቼ ጀምሮ እንዳስመረጉት አልጠየቅኳቸውም። አባቴም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ለጣሪያው ክዳን የሚሆን የሣር ጭነት ላከልን።

እንግዲህ መስቀልንና የኛን ዘመን መለወጫ ጊፋታን አንድ ግቢ ውስጥ እናከብራለን። አንተ ትተኛበት የነበረው ክፍል መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ንጋት ቀድሞ ይገባል። ዕቃችንን እየጠቀለልን ነው። የለበስከው ካኪ ኮት ከኔ ጋር ይሄዳል፤ ሌላው ሁሉ የመንግሥት ነው።

እኔም በመስከረም ወደ ትምህርት ቤቱ እመለሳለሁ። አንደኛ ክፍልን ሰጥተውኛል። ማርታ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ትገባለች። ሌላ ክፍል ስለሌለ የምትማረው ከኔ ነው። እናቷ መሆኔን ክፍል ውስጥ እንድትረሳው ነግሬአታለሁ፤ «አንቺስ ትረሺዋለሽ?» አለችኝ።

አስፋው፣ ስምህን ጮክ ብዬ ከጠራሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ስለ አንተ ከሰው ጋር ስነጋገር «እሱ» እላለሁ፤ በጸሎቴም በልቤ ነው የማነሣህ። ከመስከረም ጀምሮ ግን ማለዳ ማለዳ፣ ተማሪዎቼን በየስማቸው ስጠራ፣ የሷ ተራ ሲደርስ ስሟን ከነአባቷ ስም መጥራት ግዴታዬ ነው። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ካሁኑ ብቻዬን ስሆን እለማመዳለሁ። ትናንት ወጥ ስሠራ አልኩት፤ አልተሰበርኩም።

አልረሳህም ብዬ ቃል ልገባልህ አልፈልግም፤ ቃል የማያስፈልገው ነገር ነው። ይህን ግን ቃል እገባልሃለሁ። ትምህርት ባለበት ማለዳ ሁሉ ሃምሳ ልጆች ፊት ቆሜ፣ «ማርታ አስፋው» እላለሁ። እሷም ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «አቤት» ትላለች።

ያንተው
አስቴር